የአዞ ገበያ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

የዚህ ጉዞ ሰበብ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው። ፎቶው የጫሞ ሐይቅ ዳር ነው፤ አዞዎች እንደ ተጋዘ ግንድ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተዘርረዋል፣ ከሥሩ «አዞ ገበያ፣ አርባ ምንጭ» የሚል ተጽፏል። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ መቀሱን ገታ አድርጎ ፎቶውን አየና «ጋሼ፣ እነዚህ ደግሞ ምን ሊሸጡ ነው የተሰበሰቡት?» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን መልስ አጣሁለት፣ ቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም። አዞ የራሱን ወገን ልጅ ሳይቀር የሚበላ አውሬ ነው ሲባል ነው ያደግሁት፤ ታዲያ ምን አንድ ላይ አስተኛው?

ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ትኬቱ 850 ብር፣ ወንበሬ በግራ በኩል በመስኮቱ ጥግ፣ ከእግሬ ሥር የማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያላወቅሁት አንድ ከረጢት ሽንኩርት። መንገዱ እስከ አርባ ምንጭ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረዳቱ «ለዘጠኝ ሰዓት እንገባለን» አለ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሳቁ።

ቡታጅራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቁርስ ቆምን። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ቀኑ ረቡዕ ነውና ሽሮ ፍርፍርና ሻይ፣ 130 ብር። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፣ የጠዋት ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ የመታው፤ ሥሩ ዘጠኝ አረጋውያን ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ብዙም አይነጋገሩም። አንደኛው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል፣ ጫፍ ላይ ያሉት መንገዱን ያያሉ። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ግንቡን ነው። ርዝመቱ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል፣ ፀሐዩም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ዘጠኙ ሰዎች ግን ስድስት ሰባት እርምጃ በማትሞላ ቦታ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ሻዬን ሳልጨርስ ሮጥኩ።

ወራቤን፣ ሆሳዕናን፣ ከዚያ ሶዶን አለፍን። ሶዶ ምሳ በላን፣ በያይነት 180 ብር፣ ቃሪያው የዋዛ አልነበረም። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ እጅጌዬን ጠቀለልኩ፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለው የዘወትር ጠብ ተነሳና ዳር ዳሩን እኔም ገባሁበት። ከዚያ በግራ በኩል አባያ ብቅ አለ። ሐይቅ ሲባል የጠበቅሁት ሰማያዊ ነገር ነበር፤ አባያ ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ወንዞች የሚያመጡለት ደቃቅ ደለል ሳይረጋ ውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ነው። ምዕራብ አባያ ላይ ሙዝ፣ ላንቴና ጫኖ ላይ ማንጎ በሳፋ ይዘው ልጆች መኪናውን ከበቡት። አርባ ምንጭ የገባነው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የእናቲቱ ሳቅ ትክክል ነበር። ሲቀላ ላይ አልጋ ያዝኩ፣ 700 ብር፣ አጎበሩ ሁለት ቦታ ተቀድዷል፣ አንዱን በካልሲዬ ወተፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ጠዋት በባጃጅ ሽቅብ ወደ ሴቻ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ሁለቱ ሐይቆች ባንድ ዓይን ይታያሉ፤ በግራ ቀዩ አባያ፣ በቀኝ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ጫሞ፣ በመሀላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጠባብ ተራራማ መሬት። ከሥር ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ያሉበት ጥቁር አረንጓዴ ደን አለ። ከድልድዩ ማዶ የነጭ ሣር ሜዳ በጥር ድርቅ ገርጥቶ ስሙን መስሏል። ቡና ጠጣሁ፣ 20 ብር፣ ከቡናው ጋር ፈንዲሻ በነፃ። አስተናጋጇን አዞ ገበያ ሄደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላት «እኔ የምሄደው ሰው ገበያ ነው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዞ እርባታው ሄድኩ፤ ከሲቀላ ወጣ ብሎ በአባያ ዳር ነው። ባጃጁ ደርሶ መልስ 300 ብር ጠየቀ፣ በ250 ተስማማን። እዚህ ከሐይቆቹ ዳር የሚሰበሰብ እንቁላል ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹ ለቆዳቸው ሲባል ይቀለባሉ፣ በዕድሜና በመጠን ተለይተው በሲሚንቶ አጥር ውስጥ ይቀመጣሉ። መለየቱ ግድ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። ሽታው ከበሩ ይጀምራል፣ የተቀቀለ ዓሣና የቆመ ውኃ የተደባለቀበት ሽታ፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አይታወቅም።

የሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ያሉበት አጥር ጋ ቆምኩ። ክንድ ያህል ናቸው፤ ብዛታቸውን ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት፤ የአንዱ ጅራት የሌላው ራስ እየመሰለ አሳተኝ። አጥሩ ግማሹ ጥላ አለው፣ ግማሹ ፀሐይ ነው፣ መሀሉ ላይ ገንዳ አለ። አብዛኞቹ ግን አንዲት ጥግ ላይ፣ አንዱ የሌላው ጀርባ ላይ ወጥቶ፣ ሦስትና አራት ደርብ ሆነው ተከምረዋል። የቀረው ሲሚንቶ ባዶ ነው። ዘብ ይሁኑ ተንከባካቢ ያልለየሁላቸው አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። «ጋሼ፣ ቦታ ሞልቶ ሳለ ለምን ይደራረባሉ?» አልኳቸው።

«ሲደነግጡ ነው» አሉኝ። «ድምፅ ከሰሙ፣ ወፍ በላያቸው ካለፈ፣ አዲስ ሰው ከመጣ እንዲህ ይሆናሉ። አንዳንዴ የታችኛው ይታፈናል። ስለዚህ ልብስህ ቀይ ቢሆን ኖሮ አላስገባህም ነበር።» የቀዩ ልብስ ነገር እውነት ይሁን የሳቸው እምነት አልገባኝም፣ አልተከራከርኩም። መታፈኑ ግን አዞ የሚያረቡ ሁሉ የሚያውቁት ችግር ነው።

«ታዲያ አሁን ያስደነገጣቸው ምንድን ነው?» ስላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ዝም አሉ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ጀልባ ለብቻ መከራየት የኪሴን አቅም ያልፍ ነበር፤ ሙሉው ጉዞ 3,600 ብር ነበር። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ሰው ስጠብቅ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ከአዳማ የመጡ ሦስት ወጣቶች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር አንዲት ሴትና ወንድሟ ተገኙና ስድስት ሆንን፣ ለሰው 600። በመጠበቁ መሀል ምሳ ደረሰ፣ የዓርብ ሙግትም አብሮ መጣ። ምግብ ቤቱ የአርባ ምንጭን ዓሣ ጥብስ፣ ሙሉውን የተተለተለና ቆዳው እስኪንጨባረር የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እያለፈ ያድላል፤ ከአዳማ ልጆች አንዱ «ዓሣ ጾም አይገድፍም» አለ፣ ሁለተኛው «ማን ፈቀደልህ?» አለው፣ ሦስተኛው ሙግቱ ሳያልቅ በላ። እኔ ምስር ወጥ አዘዝኩ፣ ዓይኔ ግን ዓሣው ላይ ነበር።

ወደ ጀልባው መነሻ የሚወስደው የኮንሶ መንገድ ነው፣ ከዚያ ወደ ግራ በአቧራ። የብርቱካን ቀለም ያላቸው የመንሳፈፊያ ሰደሪያዎች ተሰጡን፤ የኔ አንድ መቆለፊያ ጎድሎታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳን። ጫሞ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል፣ ጀልባዋ እየዘለለች ፊታችንን አጠበችው። ጀልባ ነጂው ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፣ ሞተሩን በእግሩ ጣት ይዞ በእጁ ሙዝ ይልጣል። መጀመሪያ ጉማሬዎቹ ጋ አደረሰን፣ ከሩቅ። «ሰው የሚፈራው አዞን ነው፣ እኛ የምንፈራው ይህን ነው» አለ።

ገበያው ያለው የቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ፣ ወንዙ ያመጣው ደለል የተንጣለለበት ዳር ላይ ነው። ስንደርስ ግን ገበያው ተበትኗል። አራት አዞ ብቻ ቆጠርኩ። የቀሩት ውኃ ውስጥ ናቸው፣ አፍንጫና ዓይን ብቻ እዚህም እዚያም። ፔሊካኖቹ ሜዳውን ይዘውታል፣ ሁለት አባ ኮዳ እንደ ተሰናበተ ዳኛ አጎንብሰው ይዞራሉ። የአዳማ ልጆች ተናደዱ። ጀልባ ነጂው ልጅ አልደነገጠም፤ «ገበያ የሚቆመው ጠዋት ነው፣ ነግሬያችሁ ነበር» አለ። አልነገረንም።

መምህርቷ ግን ደስ ያላት መሰለኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ስንንሳፈፍ አዞ የቀኑን ጊዜ እንዴት እንደሚከፋፍለው ነገረችኝ። እኛ ሰውነታችንን በምግባችን እናሞቃለን፤ አዞ ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚበደረው። ሌሊት ውኃው ከአየሩ ይልቅ ይሞቃልና ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ አሸዋው ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ሲያቃጥለው ወደ ውኃው ወይም ወደ ጥላው ይመለሳል፣ ወደ ማታ ደግሞ ጥቂት ይወጣል። ይህን ሥርዓት ሂው ኮት የተባለ እንግሊዛዊ በኡጋንዳና ያን ጊዜ ሰሜን ሮዴዥያ በሚባለው አገር አጥንቶ በ1961 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ጀርባው ላይ የምናየው ጉብታ ጉብታ ነገር ከቆዳው ሥር የተደረደረ የአጥንት ሰሌዳ ነው፣ የደም ሥር የተሞላ፤ ፀሐይ ሲመታው ሙቀቱን ደሙ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ሲሞቅ ልቡ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ካልሞቀ ደግሞ የበላው አይፈጭለትም።

«እሺ፣ ፀሐይ መሞቁ ገባኝ» አልኩ። «አብሮ መሞቁስ?»

ዝም አለችና፣ ለተማሪዎቿ የምትለው ሳይሆን አይቀርም፣ «ጋሼ፣ ሁለት ዓይነት ስብሰባ አለ» አለች። «የዳቦ ሰልፍና የለቅሶ ቤት። ዳቦ ቤት በር ላይ ሃምሳ ሰው ቢቆም አንዱም ሌላውን ፈልጎ አይደለም፤ ዳቦው ሌላ ቦታ ቢኖር ይበተን ነበር። ለቅሶ ቤት የመጣ ግን ሰው ጋ ነው የመጣው፣ ድንኳኑ ቢፈርስ ሜዳ ላይም ይቀመጣል። ተሳቢዎች ተሰብስበው ሲተኙ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ነው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የዳቦ ሰልፍ ነው።»

ምሳሌም ነበራት። ካናዳ ውስጥ ማኒቶባ በሚባል ግዛት ናርሲስ የምትባል ቦታ አለች፤ በያመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እባቦች በኖራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ተጠቅልለው ክረምቱን ያሳልፋሉ። የዚያ አገር ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ያልፋል፣ መሬቱም ወደ ጥልቅ ይበርዳል፤ ከበረዶው ወሰን በታች የሚያስገባ ጉድጓድ ደግሞ ጥቂት ነው። ጉድጓዱ ነው የሰበሰባቸው፤ እባቦቹ የተፋቀሩ እንዳይመስልህ፣ አለች፣ ሲነቁ በጸደይ ለመጋባት ያን ያህል ብዛት ይጠቅማቸው እንደሆነ እንጂ። የጋላፓጎስ ደሴቶች የባሕር እንሽላሊቶች ደግሞ ሌላ ናቸው። ቀን ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ገብተው የባሕር አልጌ ይግጣሉ፣ ሌሊት ዓለቱ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው ሙቀታቸውን ይቆጥባሉ። እዚያ ብርድ ልብሱ ጎረቤቱ ነው።

ትናንት እርባታው ውስጥ ያየሁትን ክምር ነገርኳት። «እሱ ሦስተኛ ነው» አለች፣ «የተደናገጠ ልጅ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ሲገባ።» አዲስ የተፈለፈሉ አዞዎች ለሳምንታት በቡድን ሆነው እናትየው አጠገብ ይቆያሉ፣ እየተጠራሩም ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌው ተንከባካቢ የነገሩኝ ለዚህ ቅርብ ነው። ቀዩን ልብስ ግን እሷም አልሰማችም።

ነፋሱ በረታ፣ ልጁ ሞተሩን አስነሳ። ስንወርድ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ረጥቧል። የአዳማ ልጆች ለነገው አልቆዩም፤ መምህርቷ፣ ወንድሟና እኔ ተመልሰን ልንሞክር ተስማማን፣ ልጁም ለሦስታችን በ2,400 ሊወስደን። ማታ መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን የዛሬውን ስጽፍ ቡታጅራ ላይ ያየሁት ግንብ ትዝ አለኝ፣ ዳቦው ሃምሳ እርምጃ ሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ሰልፉ አንድ ቦታ የሆነበት።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሲሆን ተነሳን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው ላይ ነበርን። ሐይቁ እንደ ትሪ ተንጣልሏል። የዓሣ አሞራ ከደረቀ ግንድ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮኸ፣ ከማዶ ሌላው መለሰለት። ከሩቅ ዳሩ ባዶ መሰለኝና ልቤ ወረደ፤ ቀረብ ስንል ግን ደለሉ ራሱ ቅርጽ አወጣ። እዚህ ጅራት፣ እዚያ መንጋጋ፣ ግራጫ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ጭቃው ደርቆበት እንደ አሮጌ ኖራ የነጣ።

ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ዝምታው ከባድ ነው። አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ከጀልባዋ ወደ ሃያ ሜትር ላይ ያለው የሚያስፈራ ትልቅ ነው፣ ልጁ አምስት ሜትር ይሆናል አለ፤ ሆዱ ወደ ሁለት ጎን ፈስሶ፣ አፉ እንደ ተከፈተ ሻንጣ ተበርግዶ። የአፉ ውስጥ ቀለም አስገረመኝ፣ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ የተላጠ ማንጎ ይመስላል። አፉን የሚከፍተው ራሱን ለማብረድ ነው ይባላል፣ እንዳይግል። መምህርቷ ግን በሌሊትም በዝናብም ሲከፍቱ ስለታየ ሙቀት ብቻ አይደለም አለች፤ እርስ በርሳቸው የሚሉት ነገር ሊሆን ይችላል። ጥንታዊው ግሪካዊ ሄሮዶቱስ አንዲት ወፍ የተከፈተው አፍ ገብታ ታጸዳዋለች ብሎ ጽፏል። ለአንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ፣ ወፎቹ በጅራታቸው አጠገብ ሄዱ፣ በጀርባቸው ተሻገሩ፣ አፍ ውስጥ የገባ ግን አላየሁም።

ያን ሰዓት የተጠቀምኩበት ቦታ አያያዛቸውን ለማየት ነው። ከላይ ሲታይ ዝም ብለው የተዘረሩ ይመስላሉ፤ ሲቆይ ግን ወግ እንዳለው ይገባል። ትልልቆቹ ደለሉ ወደ ውኃው በእርጋታ በሚያጋድልበት፣ ደንገል በሌለበት፣ ጥልቁ ውኃም በሁለት እርምጃ በሚገኝበት ቦታ ላይ ናቸው። መካከለኞቹ በዳር በዳሩ። ትንንሾቹ ጭራሽ የሉም፤ ልጁ እንዳለው ራቅ ብሎ ደንገሉ ውስጥ ነው የሚውሉት፣ ትልቅ ካለበት ትንሽ አይተኛም። አንድ ጊዜ አንድ ግዙፍ ከውኃው ወጣ፣ በአራት እግሩ ሆዱን ከመሬት አንሥቶ፣ ውኃው ከጎኑ እየተንጠፈጠፈ። ሳይቸኩል ሄደ። ሁለት መካከለኞች ሳይነኩ፣ ሳይታዩ በሚመስል ሁኔታ ወደ ውኃ ተንሸራተቱ፤ ሦስተኛው ጅራቱን ብቻ አጠፍ አድርጎ ቀረ። ግዙፉ ባዶው ቦታ ላይ ወደቀ፣ ተነፈሰ፣ አለቀ። ጠብ የለም። መምህርቷ በሹክሹክታ «ተዋውቀው ጨርሰዋል» አለች። በአዞዎች ዘንድ ማን ከማን እንደሚበልጥ የታወቀ ነው፣ ምርጡን ፀሐይ መሞቂያ የሚይዘው ትልቁ ወንድ ነው፤ ደረጃው ከታወቀ ዘንድ ደግሞ በየጠዋቱ መጣላት አያስፈልግም። የሚበላላ አውሬ አጠገብ ለአጠገብ የሚተኛው እንዲህ ነው ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ደመና መጣ። እኔ ይህን በልቤ ስመኘው ነበር። ፀሐዩ ብቻ ከሆነ የሰበሰባቸው፣ ፀሐይ ስትሸፈን ሰልፉ ይበተናል ብዬ ሰዓቴን ያዝኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ጥላ ሆነ፣ ክንዴ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ማንም አልተነሳም። ደስ ብሎኝ ለመምህርቷ ነገርኳት፤ «የሞቀው አሸዋ ከሥራቸው አለ፣ ሰውነታቸውም ትልቅ ነው፣ ለመብረድ ሰዓታት ይፈጅባቸዋል» ብላ ደስታዬን አበላሸችው። ልክ ናት።

የሚገርመኝ ግን ዳሩ ረጅም ነው። ጀልባዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስትዞር ተመሳሳይ የሚመስል ደለል አየሁ፣ ሰው የሌለበት፣ አዞም የሌለበት። ልጁን ጠየቅሁት። «ሐይቁ ሞልቶ ይህ ቦታ ሲዋጥ ገበያው ይዛወራል፣ ግን ተበታትነው አይቀሩም፣ ሌላ ቦታ ሄደው እንደገና ይሰበሰባሉ» አለ። የቁልፎ ዓሣም ያመጣቸዋል አለ፤ ወንዙ የሚገባበት አፍ ለአምባዛም ለአዞም ደግ ነው፣ ለዓሣ አጥማጆችም እንዲሁ፣ መረባቸው የሚቀደደውም ለዚያ ነው። እሱ ስለ መረቡ በምሬት ተናገረ፣ ያጎቱ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው ግን አያውቅም፤ «ገበያ ስለሚመስል ነዋ» አለኝ፣ በጥያቄዬ እየተገረመ።

እንግዲህ እኔ በዚህ ስም ላይ ነው የቆየሁት። መምህርቷ ሁለት ስብሰባ ሰጥታኝ ነበር፣ ዳቦና ለቅሶ። ገበያ ግን ሁለቱም አይደለም፤ ሰው ገበያ የሚወጣው ለጨው ነው፣ ጨው ሻጩ የሚወጣው ግን ሰው ስላለ ነው። ማንም ለወዳጅነት አልመጣሁም ይላል፣ ሌሎች ባይመጡ ግን እሱም አይመጣም። አንድ አዞ ደለሉን ሲመርጥ፣ ሌላ አዞ ቀድሞ እዚያ ተኝቶ በሰላም ማርፈዱ ራሱ ወሬ ነው። ቦታው ደህና ነው የሚል ወሬ። መምህርቷን ይህን ስላት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ የስምምነት ይሁን የትዕግሥት አልለየሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። ከትልቁ በስተቀኝ ያለው መካከለኛ አዞ አፉን ዘግቶ የተኛ ነው። ወደ እኛ ያለው ዓይኑ ግን ክፍት ነው። ጀልባዋ ስትንሳፈፍ የቀጭኗ ብሌን መስመር ሳትነቃነቅ ወደ እኛ ነበረች። መምህርቷ በአውስትራሊያ ላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ነገረችኝ፤ ልጅ አዞዎችን በካሜራ ሲከታተሉ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው እንደሚያርፉ፣ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ የተገለጠው ዓይን ወደ ሰውየው እንደሚዞር፣ ሌላ አዞ ሲጨመርላቸውም ወደ እሱ እንደሚዞር አይተዋል። የኛ አዞ በዚያኛው ዓይኑ ምን ያደርግ እንደነበር ለማየት ጀልባዋን ማዞር ነበረብን፣ በዚያ በኩል ደግሞ ያሉት ሌሎች አዞዎች ናቸው። ልጁ እንቢ አለ። እኔም አልገፋሁም።

ከመሄዳችን በፊት ስንት እንደሆኑ ሦስታችንም ቆጠርን። እኔ 31፣ መምህርቷ 34፣ ወንድሟ 29። ልጁ ሳይቆጥር «አርባ» አለ፣ «ለአርባ ምንጭ አርባ ነው የሚባለው» ብሎ ሳቀ። ከኔ ሠላሳ አንድ ውስጥ አንዱ በኋላ ግንድ ሆኖ ተገኘ፣ ፔሊካን ሲቆምበት።

ከሰዓት በኋላ ጾም የለብኝምና ያ ሲያምረኝ የዋለውን ዓሣ ጥብስ በላሁ፣ 380 ብር፣ ከዳጣ ጋር። መምህርቷና ወንድሟ አብረውኝ ነበሩ፤ ሒሳብ ላይ ተጣላን፣ በመጨረሻ ወንድሟ ሹልክ ብሎ ከፍሎ መጣ። ስንለያይ ያለፈውን ዓመት አንድ ጥናት እንዳነብ ነገረችኝ፣ ማታ መብራት ስለነበረ አነበብኩት። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጭራቸውን የሚያንቃጭሉ መርዛማ እባቦች ላይ የልብ ምት መለኪያ አስረው ባልዲ ውስጥ አስገብተው አስደነገጧቸው፤ አንድ ጊዜ እባቡን ብቻውን፣ አንድ ጊዜ ከገመድ ቁራጭ ጋር፣ አንድ ጊዜ ከሌላ እባብ ጋር። ከጓደኛው ጋር የሆነው እባብ ልቡ ያን ያህል አልዘለለም። ገመዱ አልረዳም። እባብ! ከእነዚህ እባቦች ክረምቱን በአንድ ዋሻ የሚያሳልፉ አሉ፣ እኔ በመምህርቷ አከፋፈል ዳቦ ሰልፍ ውስጥ አስገብቻቸው ነበር። አዞ ደግሞ ከእባብ ይልቅ ለወፍ የሚቀርብ ዘመድ ነው፣ ልጁን በመንጋጋው ተሸክሞ ውኃ የሚያደርስ። የሱን ልብ ጫሞ ዳር ላይ የለካ ካለ አላገኘሁም። የእርባታው ክምር ላይ ልቤ ተመለሰ፣ የታችኛው እየታፈነ እንኳ ወደ ጥጉ የሚገቡት።

እሑድ፣ ጥር 19

አውቶቡሱ 11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ተነሳ። ዋጋው ያው 850፣ ሻንጣ ላይ ለጫኑልኝ የሙዝ ዘለላ 50 ብር ተጨማሪ፤ ሙዙ ራሱ 120 ነበር፣ ግማሹ ሶዶ ሳንደርስ ለጎረቤቶቼ አለቀ። ስለ ፀጉር ቤቱ ልጅ አስቤ ነበር፣ ምን ብዬ እንደምነግረው። ምን ይሸጣሉ ላለኝ፣ ምንም አይሸጡም፣ ቦታ ይይዛሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ያንቀላፋል፣ ከማለት የተሻለ አልመጣልኝም።

ቡታጅራ ስምንት ሰዓት አካባቢ ደረስን። ያን ግንብ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲወድቅበት ማን እንደሚቀመጥበት ለማየት ከሆሳዕና ጀምሬ አስቤበት ነበር፤ ግን ሹፌሩ ለምሳ ቀደም ብሎ ወራቤ ላይ አቁሞ ስለነበር ቡታጅራ ላይ አልቆመም፣ ወንበሬም በሌላው ጎን ነበር። አጠገቤ ባለው ሰውዬ አሻግሬ ለማየት ስንጠራራ ኮፍያውን ጣልኩበት። ቀና ስል ከተማው አልቋል።